«100% ዋስትና ያለው ቪዛ» ስለሚለው ማስታወቂያችሁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁን ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፣ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚጽፍላችሁ ስለ ፊት ገጻችሁ ነው። እኔ የመጣሁት በኋላ ገጽ በኩል ነው። እዚያ በመኪና ሽያጭና በጠፋ ሰነድ ማስታወቂያ መሃል፣ በትንሽ ሳጥን ውስጥ፣ «የጎብኚ ቪዛ በ100% ዋስትና እናስጨርሳለን» የሚል ነገር አለ። ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። የድርጅት ፈቃድ ቁጥር የለም፣ አድራሻም የለም። በየሳምንቱ ይወጣል።

እዚያ ስልክ ላይ ደውያለሁ። የዛሬው ደብዳቤ ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚነግራችሁ ነው፣ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

ታናሽ እህቴ ውጭ ነው የምትኖረው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሦስት ወር ሲቀራት ደወለችና «ነይልኝ» አለችኝ። ለሦስት ሳምንት ብቻ። የዓመት ፈቃድ ተጠራቅሞልኝ ስለነበር መሥሪያ ቤት እምቢ አላለኝም። ሀብታም አይደለሁም፣ ግን ትኬቴን በራሴ ገንዘብ መግዛት አያቅተኝም። እህቴ የጥሪ ደብዳቤ ላከችልኝ፣ የሥራ ማስረጃዋን ላከች፣ የመኖሪያ ፈቃዷን ኮፒ ላከች። እኔም የሥራ ደብዳቤዬን፣ የባንክ ስቴትመንቴን አወጣሁ። ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳስበው ያ ፋይል የሚያሳፍር አልነበረም። እንደዚያው፣ ምንም ሳይነካካ፣ ቢገባ ኖሮ እላለሁ። ቢያንስ ንጹሕ እምቢታ አገኝ ነበር።

ፎርሙን ከፈትኩት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ደርሼ ዘጋሁት። ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ፎርም ስሞላ ነው የምውለው፣ ግን ነገሩ ቪዛ ሲሆን የሰው ልብ ይከዳል። አንዷን ሳጥን ከተሳሳትሽ አለቀልሽ ይሉሻል። የሚያውቅ ሰው ይሙላልሽ ይሉሻል። እንግሊዝኛው ደግሞ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አይደለም፣ የጠበቃ እንግሊዝኛ ነው። ታዲያ ጋዜጣችሁ አጠገቤ ነበርና ገለበጥኩት።

ቢሮው ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የሀገራት ባንዲራዎች ተደርድረዋል፣ በየባንዲራው አጠገብ የፓስፖርት ገጽ ፎቶ ተለጥፏል፤ ቪዛ የተመታላቸው ሰዎች ናቸው አሉኝ። የተቀበለኝ ልጅ በጣም ትሑት ነው። «እህቴ፣ ቁጭ በይ፣ አታስቢ» አለኝ። ጠየቀኝ፣ መለስኩ። አንዱ ጥያቄ «ከዚህ በፊት ቪዛ ተከልክለሽ ታውቂያለሽ?» የሚል ነበር። አዎ አልኩት። ከሰባት ዓመት በፊት ለሥራ ስልጠና ሌላ ሀገር አመልክቼ መስኮት ላይ አራት ጥያቄ ተጠይቄ ወረቀት ተሰጥቶኝ ተመልሻለሁ። ሳልደብቅ ነገርኩት። «እሺ» አለና ማስታወሻው ላይ የሆነ ነገር ጫር አደረገ።

ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። «የቀረውን ለእኛ ተዪው።» ከመውጣቴ በፊት የተሞላውን ፎርም አሳየኝ አልኩት። «ሲስተም ላይ ነው ያለው፣ አይወጣም» አለኝ። እኔም አመንኩ! ፎርሙ ሲያልቅ ሊቀመጥና ሊታተም እንደሚችል የገባኝ ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

አሻራ ሰጠሁ፣ ፎቶ ተነሳሁ፣ ከዚያ ጥበቃ ሆነ። በደወልኩ ቁጥር «ፕሮሰስ ላይ ነው» ይሉኛል። እህቴ ወለደች። ሴት ልጅ። ፎቶዋን ሥራ ቦታ ሆኜ ስልኬ ላይ አየሁት፣ ጎን ላለችው ባልደረባዬ አሳየሁ፣ በቅርቡ እቅፍ አደርጋታለሁ ብዬ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ልጁ ደወለና «እህቴ፣ ሪጀክት ሆኗል፣ አይዞሽ፣ ሌላ ሀገር እንሞክራለን፣ ቅናሽ እናደርግልሻለን» አለኝ። እህቴ የምትኖረው አንድ ሀገር ውስጥ ነው፣ ሌላ ሀገር ሄጄ ማንን ልይ?

ደብዳቤውን ላክልኝ አልኩት። ነገ አለኝ። ነገ ሲመጣ ነገ አለኝ። አምስተኛው ቀን ላይ ቢሮው ሄጄ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሲሰለቸው ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። ደብዳቤው አንድ አልነበረም፣ ሁለት ነበር።

የመጀመሪያው ከአንድ ወር በፊት የተላከ ነው። ትሕትና የተሞላ ደብዳቤ ነው፣ ይህንን መመስከር አለብኝ። «ማመልከቻዎ ላይ በየትኛውም ሀገር ቪዛ ተከልክለው እንደማያውቁ ገልጸዋል፣ ያለን መረጃ ግን ከዚህ ይለያል፣ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ማብራሪያ ይስጡ» ነው ሐሳቡ። ማንም አልመለሰላቸውም። ሁለተኛው ደብዳቤ እምቢታው ነው። እምቢታ ብቻም አይደለም፣ ሐሰተኛ መረጃ በማቅረብ ለዓመታት እንዳላመለክት የሚያግድ ነው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ለምን አልደረሰኝም? ፎርሙ ላይ ኢሜይል የሚለው ቦታ የኔ አልነበረም። የቢሮው ኢሜይል ነው። አካውንቱም፣ የይለፍ ቃሉም፣ ደብዳቤውም በእነሱ እጅ ነበር። ከዚያ በኋላ ጮኼ ፎርሙን አሳተምኩት (ለካ ይወጣል!) እና ቤቴ ወስጄ በቀይ እስክሪብቶ እንደ ሒሳብ መዝገብ አመሳከርኩት። ደሞዜ እጥፍ ሆኗል። እኔ የማላውቀው የሥራ አስኪያጅነት ማዕረግ ተሰጥቶኛል። «ተከልክለው ያውቃሉ?» የሚለው ላይ «አይ» ተብሏል። መጨረሻው ላይ «ከላይ የሞላሁት ሁሉ እውነትና የተሟላ ነው» ከሚለው ዐረፍተ ነገር ሥር የኔ ሙሉ ስም ተተይቧል።

ልጁን ለምን አልኩት። «እሱን ብንጽፈው ኖሮ ወዲያው ይከለክሉሽ ነበር፣ ለአንቺው ብለን ነው» አለኝ። ሲናገር ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም። ከልቡ ያምንበታል። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

የሀገሩን ስም አልጠራም፣ ጥፋቱ የእነሱ ስላልሆነ። የቢሮውንም ስም አልጠራም፣ ክስ ሌላ ቦታ ነው የሚቀርበው። ከዚያ በኋላ ግን እልህ ይዞኝ የየሀገሩን የቪዛ ደንብ ማንበብ ጀመርኩ። ቀድሜ ባነበብኩት ኖሮ። አንባቢዎቻችሁ ከኔ ቀድመው ቢያነቡት ይሻላል ብዬ የገባኝን ልጻፍ።

መጀመሪያ የዚያች «አይ» ነገር። ሰው ስለ አሮጌ እምቢታ ያፍራል፣ ሊደብቀው ይፈልጋል። ነገር ግን በፊት መከልከል ብቻውን የሚዘጋው በር የለም። ስንትና ስንት ሰው ሁለቴ ተከልክሎ በሦስተኛው ተሰጥቶታል። የካናዳ ፎርም የሚጠይቀው በካናዳ ብቻ ሳይሆን በየትኛውም ሀገር ተከልክለህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ነው። እንግሊዝም ስለ ሌሎች ሀገሮች እምቢታ ትጠይቃለች። መልሱን አስቀድመው የሚያውቁበት ዕድል ሰፊ ነው። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ በመካከላቸው የአሻራና የኢሚግሬሽን መረጃ ይለዋወጣሉ። የሸንገን ሀገሮች (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ ሀገሮች) ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የጋራ የቪዛ መረጃ ቋት አላቸው፤ አንዱ ዘንድ የሰጠኸው አሻራ ሌላው ዘንድ ይታያል፣ ለ59 ወር ድረስም መልሰው ይጠቀሙበታል። አንዱ ኤምባሲ እምቢ ያለህን ሌላው ሸንገን ኤምባሲ ሄደህ አዲስ ሰው መምሰል አትችልም ማለት ነው።

መዋሸቱ ሲገኝስ? ካናዳ ውስጥ ቅጣቱ የ5 ዓመት እገዳ ነው። እንግሊዝ 10 ዓመት። አሜሪካ ሆን ተብሎ በተነገረ ውሸት ቪዛ ለማግኘት የሞከረ ሰው፣ በልዩ ፈቃድ ካልተነሳለት በስተቀር፣ ዕድሜ ልኩን ነው። እስቲ አስቡት፣ ለሦስት ሳምንት ጉብኝት። «ሌላ ሰው ነው የሞላልኝ፣ እኔ አላነበብኩትም» ማለት ብዙም አያድንም። ፎርሙ ላይ ያለው ስም የአመልካቹ ነው፣ ተጠያቂውም እሱ ነው። ይሄ መጀመሪያ ላይ ግፍ መስሎ ታየኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን በኔ ሥራም እንደዚያው ነው፤ የፈረምኩበትን ቫውቸር ሌላ ሰው ነው ያዘጋጀው ብዬ አላመልጥም።

ሁለተኛው ነገር፣ ፎርሞቹ ማን እንደሞላቸው ይጠይቃሉ። ይሄንን ስንቱ ሰው ያውቃል? አሜሪካ የምትጠቀምበት ዲኤስ-160 የሚባለው ፎርም «ማመልከቻውን ለመሙላት የረዳዎት ሰው አለ?» የሚል ጥያቄ አለው። የሸንገን ፎርም ላይም አመልካቹ ራሱ ካልሞላው የሞላው ሰው ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ። ካናዳ ደግሞ ወኪል ካለህ በተለየ ፎርም አስታውቅ ትላለች፣ ገንዘብ ተቀብሎ የሚወክልህ ሰው ደግሞ ፈቃድ ያለው አማካሪ ወይም ጠበቃ መሆን አለበት። የኔ ፎርም ላይ ማንም የረዳኝ ሰው አልነበረም። እኔ ብቻዬን፣ በማላውቀው ኢሜይል፣ በማላውቀው ደሞዝ ሞልቼዋለሁ።

አሁን ወደ «ዋስትናው» ልምጣ። እኔ ይሄ ቃል ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

የጎብኚ ቪዛ እምቢታ ሦስት አራት ሀገር ሄዳችሁ ብታነቡ አንድ ሰው የጻፈው ነው የሚመስለው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣችው የኢሚግሬሽን ሕግ አለ፣ አንቀጽ 214(ለ) የሚሉት፣ ሰው ሁሉ ተከልክሎ ሲወጣ ቁጥሩን በቃሉ የሚያውቀው። እሱ የሚለው በአጭሩ ማንኛውም አመልካች ተቃራኒውን እስኪያሳይ ድረስ ሊቀር እንደሚሄድ ሰው ይቆጠራል ነው። የካናዳው ደብዳቤ «ቆይታዎ ሲያበቃ ከካናዳ እንደሚወጡ አላመንኩም» ይላል። የሸንገኑ «ቪዛው ከማብቃቱ በፊት ከአባል ሀገራቱ ለመውጣት ያለዎት ሐሳብ ላይ ምክንያታዊ ጥርጣሬ አለ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያደርጋል። ሦስቱም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ትመለሳለህ?

ይህንን ጥያቄ የሚመልሰው የቪዛ ኦፊሰሩ ነው፣ ወረቀትህን አይቶ፣ በራሱ ጭንቅላት። ታዲያ ማን ነው በሌላ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ላለ ነገር መቶ በመቶ ዋስትና የሚሰጠው? ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው። ወይ ውሸታም ነው፣ ወይ ውሸት እየፈበረከ ነው። «ኤምባሲ ውስጥ ሰው አለን» የሚሉም አሉ። ሰው ካላቸው ለምን የኔን ደሞዝ እጥፍ ማድረግ አስፈለጋቸው?

ዋስትናው ገንዘቡን መመለስ ነው የሚሉም አሉ፣ እንዲያ ይባልልኝ። እሺ፣ የእነሱን ክፍያ ይመልሱ። የኤምባሲውስ? አሜሪካ ለጎብኚ ቪዛ 185 ዶላር ታስከፍላለች፣ ሸንገን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ካናዳ 100 የካናዳ ዶላር ሲደመር ለአሻራ 85። ተሰጠህም ተከለከልክም አይመለስም፣ የሚከፈለው ማመልከቻው ስለሚታይ ነው። የተጣለው እገዳስ? እሱን ማን ይመልሳል?

የባንክ ሒሳቡ ነገር ደግሞ በኔ ሙያ ስለሚነካኝ ላልፈው አልችልም። ሒሳብ ማሳበጥ ይሉታል። ከማመልከቻው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ብዙ ገንዘብ ይገባል፣ ስቴትመንት ይታተማል፣ ገንዘቡ ይወጣል። ለኔም ሐሳብ አቅርበውልኝ ነበር፣ እሱን እንኳን እምቢ ብያለሁ። ሒሳብ የሚያይ ሰው መጨረሻው ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አያይም። እኔ ስቴትመንት ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምፈልገው ደሞዙ በየስንት ቀኑ እንደሚገባ፣ በምን ፍጥነት እንደሚወጣ፣ ያልተለመደ ገቢ መቼ እንደመጣ ነው። ኤምባሲዎች የ3 ወይም የ6 ወር እንቅስቃሴ የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ወር በገባ ቁጥር ባዶ የሚሆን ሒሳብ በአንድ ማክሰኞ ድንገት ቢያብጥ፣ እንኳን ሠልጥኖ የተቀመጠ ኦፊሰር፣ ተለማማጅ የሒሳብ ሠራተኛም ይነቃበታል። የራስህ ትንሽ ግን በየወሩ የሚገባ ደሞዝ ከዚያ ይሻላል። ትልቅ ገንዘብ በእውነት ገብቶልህ ከሆነ ደግሞ፣ መሬት ሸጠህም ይሁን ዕቁብ ደርሶህ፣ ከየት እንደመጣ በአንድ ገጽ ጽፈህ ማስረጃውን ታያይዛለህ። በቃ።

ጥሪ ያለው ሰው ቪዛ ያገኛል የሚባለውም እንደዚሁ ነው። የእህቴ ደብዳቤ የት እንደማርፍና ማን እንደሚቀበለኝ ያሳያል። ለምን እንደምመለስ ግን እህቴ ልትናገርልኝ አትችልም። እሱን የሚናገሩት ሥራዬ፣ የፈቃድ ደብዳቤዬ ላይ ያለው የመመለሻ ቀን፣ እዚህ ያሉት የሚጠብቁኝ ሰዎች ናቸው። እንዲያውም ቅርብ ዘመድ እዚያ መኖሩ በሌላ በኩል ጥርጣሬ ያመጣል። ያም ሆኖ አይደበቅም። እህት እያለችህ ሆቴል ቡክ አድርጎ ቱሪስት ነኝ ማለት ሌላ ጉድ ነው። ቢሮው ይህንንም መክሮኝ ነበር።

ትኬትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ቪዛው ሳይመታ ሙሉ ትኬት የሚገዛ ሰው አሁንም አለ። ብዙዎቹ ኤምባሲዎች የሚፈልጉት ሪዘርቬሽን ነው፣ ራሳቸውም ቪዛ ሳይወጣ አትግዙ ይላሉ። ሸንገን ከሆነ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስ ግዴታ ነው፣ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ጀምሮ ይገባል፣ ከ15 ቀን በታች ሲቀር ግን አይቀበሉም። ፓስፖርቱ ደግሞ ከዚያ ከወጣህ በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቀረው፣ በ10 ዓመት ውስጥ የተሰጠ መሆን አለበት። እነዚህ ሁሉ የኤምባሲዎቹ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ተጽፈዋል። እኔ ገንዘብ ከፍዬ ስሕተታቸውን ነው የሰማሁት።

ኤምባሲዎቹንም ሙሉ በሙሉ ነጻ አልለቃቸውም። ሰው ለምን ደላላ ጋ ይሄዳል? እነሱ የሚሰጡት ወረቀት ምንም ስለማይናገር ነው! ሳጥን ላይ ምልክት ያለበት፣ ለሺህ ሰው አንድ ዓይነት የሆነ ደብዳቤ ተቀብሎ የወጣ ሰው ምን እንዳጠፋ አያውቅም፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ጊዜ ሁሉንም ነገር ይለውጣል፣ እውነተኛውንም ጭምር። ከሰባት ዓመት በፊት መስኮቱ ላይ የሰጡኝ ወረቀት እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ አሁንም ምን እንደጎደለኝ አላውቅም። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ የኦፊሰሩን ማስታወሻ ከእምቢታ ደብዳቤው ጋር አያይዛ መላክ ጀምራለች፣ ይበል የሚያሰኝ ነው። ሸንገን ላይ ይግባኝ የማለት መብት አለ፣ የት እንደሚባልም ደብዳቤው ላይ ይጻፋል። አሜሪካ ለጎብኚ ቪዛ እምቢታ ይግባኝ የለም፣ እንደገና ማመልከት ነው። ያም ቢሆን ሁኔታህ ሳይለወጥ በሳምንቱ ተመልሶ መሄድ ክፍያ ማባከን ነው።

ፍትሐዊ ልሁን። ሁሉም ጉዳይ አስፈጻሚ እኔን እንደገጠመኝ አይደለም። እንግሊዝኛ የማያነቡ፣ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ እናትና አባት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ ማን ይሙላላቸው? አንዲት ጓደኛዬ እናቷን የወሰደችበት ሰው የነገሩትን ብቻ ይተይባል፣ ጥያቄውን በአማርኛ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፣ ሲጨርስ ኮፒ አትሞ በእጃቸው ይሰጣል፣ ኢሜይሉንም በልጅቷ ስም ነው የከፈተው። ረድቻለሁ ብሎም ስሙን ፎርሙ ላይ አስፍሯል። ዋስትና ስጠን ሲሉት ሳቀ አሉ። እንደዚህ ያለ ሰው ካገኛችሁ ክፈሉት፣ ሥራ ነው የሠራው።

እናንተን የምጠይቃችሁ ነገር ትልቅ አይደለም። ማስታወቂያ መተዳደሪያችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ሣጥኑን ሙሉ በሙሉ አንሱት አልልም። ግን «ዋስትና» እና «100%» የሚሉትን ቃላት ለቪዛ ማስታወቂያ አትቀበሉ። የንግድ ፈቃድ ቁጥርና አድራሻ ሳያስገባ ስልክ ብቻ ይዞ የሚመጣውን መልሱ። ሦስተኛ፣ ካላስቸገርኳችሁ፣ ከገጹ ግርጌ አንዲት መስመር ብትጨምሩ፦ «የተሞላውን ፎርም ኮፒ ሳያዩ አይፈርሙ፣ ኢሜይሉ የራስዎ ይሁን።» ይህቺ መስመር ያኔ ኖራ ቢሆን አነባት ነበር፤ ያንን ገጽ ያኔ እያንዳንዱን ፊደል ነው ያነበብኩት።

ለዚያ ሀገር ቢሮ እኔም ጽፌላቸዋለሁ። በራሴ ኢሜይል፣ በራሴ እንግሊዝኛ፣ ስሕተት እንዳለበትም አውቃለሁ። የሆነውን በቅደም ተከተል፣ የከፈልኩበትን ደረሰኝ አያይዤ። እገዳው ይነሳልኛል ብዬ አይደለም፣ ፋይሌ ውስጥ አንድ እውነተኛ ገጽ እንዲኖር ብዬ ነው። እህቴ በቪዲዮ ስትደውል ልጅቷን ስልኩ ፊት ታቆማታለች። አሁን መዳህ ጀምራለች፣ ስክሪኑን በምላሷ ትልሳለች። እገዳው ሲያበቃ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ በእንግሊዝኛ ማን እንደሆንኩ ትጠይቀኝ ይሆናል።

የሚቀጥለውን እትም ስገዛ ከኋላ ገጽ ነው የምጀምረው።

የዘወትር አንባቢያችሁ